ፌኒክስ ፒዲ35 ወይስ ፒዲ36አር? መብራት ለሚጠፋበት ቤትና ለላም በረት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሸኖ አካባቢ የወተት ላሞች ያረባሉ። ማታ ማታ መብራት ይጠፋል፤ ውሻ ሲጮህ ወጥተው አጥሩን መዞር አለባቸው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ደግሞ ላም ለማለብ ይነሳሉ። ሜሪላንድ ያለው ወንድማቸው ሊመጣ ስለሆነ ጥሩ የእጅ ባትሪ እንዲያመጣላቸው ጠይቀውት ሁለት ምርጫ ልኮላቸዋል፦ ፌኒክስ ፒዲ35 ቪ3.0 እና ፌኒክስ ፒዲ36አር። የመጀመሪያው 1700፣ ሁለተኛው 1600 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይላል። «ብርቱው የትኛው ነው? ድንጋዩን ከመርካቶ እየገዛሁ ልጠቀምበትስ እችላለሁ?» ብለው ጠይቀዋል።

መልሱን ላስቀድም። ለእርስዎ ኑሮ የሚሻለው ፒዲ36አር ነው። በብርታት ከሆነ እንዲያውም ፒዲ35 በትንሹ ይበልጠዋል። ፒዲ36አርን የምመርጥልዎት ድንጋዩ ትልቅ ስለሆነና ስልክዎን በሚሞሉበት የታይፕ ሲ ገመድ ስለሚሞላ ነው። ወንድምዎ ይዞልዎት የሚመጣው ባትሪ ከስድስት ወር በኋላም በየምሽቱ መሥራት አለበት። ያን የሚወስነው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ድንጋዩና የሚሞላበት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በ1700 እና በ1600 ሉመን መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ስድስት ገደማ ነው። ዓይን ይህን አይለይም፤ አንድ ባትሪ ከሌላው እጥፍ ደምቆ እንዲታየን ሉመኑ ወደ አራት እጥፍ መጠጋት አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ቢያበሯቸው የትኛው ባለ 1700 እንደሆነ በድምቀቱ አያውቁትም። ደግሞም አምራቾቹ የሚከተሉት ኤፍኤል1 የተባለው የአለካክ ደንብ ሉመንን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያ ቁጥር አይነግርዎትም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። 1600 ሉመን ለማውጣት ባትሪው 15 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል፤ ከዚህ ውስጥ የሚበዛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ ያን ሁሉ ሙቀት ወደ አየር ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ ሰውነቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ብርሃኑን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሁለቱም ላይ የሚቀረው የመነሻው ግማሽ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኤልኢዲውንም (ብርሃን የሚሰጠውን ክፍል) ድንጋዩንም የሚያተርፈው ይኸው ነው። በትልቁ ደረጃ «ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል» የሚለውንም ሲያነቡ ይህን ያስቡ። በደንቡ መሠረት ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። በትልቁ ደረጃ ሦስት ሰዓት ገደማ የተጻፈለት ባትሪ 1600 ሉመን የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

በርቀት ግን ሁለቱ በእርግጥ ይለያያሉ። ፒዲ35 ቪ3.0 357 ሜትር፣ ፒዲ36አር 283 ሜትር ይላል። ምክንያቱ ኤልኢዲው ነው። ፒዲ35 ላይ ያለው ኤስኤፍቲ40 ከላዩ ጉልላት የሌለው ጠፍጣፋ ስለሆነ ብርሃኑ ከጠባብ ቦታ ይወጣና ዙሪያው ያለው አንጸባራቂ ጠበብ አድርጎ ወደ ፊት ይልከዋል። ፒዲ36አር ላይ ያለው ኤስኤስቲ40 ጉልላት አለው፤ ብርሃኑ ሰፋ ይላል። በካንዴላ (ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ያለው ብርታት) ሲሰላ አንዱ ወደ 32,000፣ ሌላው ወደ 20,000 ነው። ይህ በዓይን ይታያል።

ነገር ግን 357 ሜትር ማለት እዚያ ድረስ ያለውን በግልጽ ያያሉ ማለት አይደለም። ርቀቱ የሚለካው የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) በሚሆንበት ቦታ ነው፤ ያ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። እዚያ ያለው ነገር እንደሚንቀሳቀስ ያዩ ይሆናል፣ ውሻ ይሁን ጅብ ግን አይለዩም። ለመለየት 4 ሉክስ ያህል ያስፈልጋል ብለን ብናሰላ ርቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፦ ፒዲ35 ወደ 90 ሜትር፣ ፒዲ36አር ወደ 70 ሜትር። አጥርዎ ከቤቱ በር 40 ወይም 50 ሜትር ከሆነ ሁለቱም ይበቁዎታል። ግጦሹ ገላጣ ሜዳ ሆኖ ከብቱ 80 ሜትር ርቆ የሚያድር ከሆነ ብቻ ነው ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው። በእግር ሲሄዱ ደግሞ የፒዲ36አር ሰፋ ያለ ብርሃን ጉድጓዱንም የሽቦውን ጫፍም አብሮ ስለሚያሳይ ይመቻል።

በእርስዎ በኩል ጉም የሚወርድባቸው ሌሊቶች ስላሉ ይህንንም ልጨምር። ጉም ውስጥ ትልቁን ደረጃ ካበሩ ብርሃኑ ወደ ዓይንዎ ይመለስና ከፊትዎ ነጭ ግድግዳ ብቻ ያያሉ። ወደ 150 ሉመን ዝቅ አድርገው ባትሪውን ወገብዎ ላይ ይያዙት፤ መሬቱ ይታያል። የጅብ ዓይን በርቀት እንደሚያበራ ያውቃሉ፤ የበግም የውሻም ዓይን እንዲሁ ያበራልና በዓይኑ ብቻ አይፍረዱ። ቁመቱንና አካሄዱን እስኪያዩ ብርሃኑን ሳያነሱ ይያዙበት።

ዋናው ነገር ድንጋዩ ነው። ፒዲ35 የሚሠራው 18650 በሚባለው ሊቲየም ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ፒዲ36አር 21700 ይወስዳል፤ 21 በ70። የጥሩ 18650 አቅም 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከፒዲ36አር ጋር የሚመጣው 21700 ደግሞ 5000 ነው። በዋት ሰዓት (ድንጋዩ በጠቅላላ የሚይዘው ኃይል) ሲመነዘር 12.6 እና 18 ይሆናል። በሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ከመቶ 40 የሚበልጥ ኃይል አገኙ ማለት ነው።

በእርስዎ ሌሊት ላይ እናስላው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቤት ውስጥ በ150 ሉመን ካበሩ በሰዓት 1.25 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ለአራት ሰዓት 5 ዋት ሰዓት ይሄዳል። አጥር ለመዞር በሌሊት ሦስቴ ቢወጡና አሥር አሥር ደቂቃ በ350 ሉመን ቢያበሩ 1.5 ያህል ይጨመራል። ሲነጋጋ ለማለብ አንድ ሰዓት ተኩል በ150 ቢሆን ወደ 2 ነው። ድምሩ 8.5 አይሞላም። 21700ው ሁለት ሌሊት ጫፍ ድረስ ያደርስዎታል፤ 18650ው በሁለተኛው ሌሊት አጋማሽ ላይ ያልቃል። መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠፋ ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ነው። ከዚያ ካለፈ በትንሹ ደረጃ፣ በ30 ሉመን፣ ይቆጥቡ። ፌኒክስ ለፒዲ36አር በዚያ ደረጃ 115 ሰዓት ይላል፤ ይህ በአዲስ ድንጋይ የተለካ ነውና እርስዎ 80 ሰዓት ብለው ያቅዱ።

ወደ መርካቶው ጥያቄ። እባክዎ ላዩ ላይ 9900 ወይም 8800 የተጻፈበት 18650 አይግዙ። በዚያ መጠን እንዲህ ያለ አቅም ያለው ድንጋይ የለም፤ ምርጥ የሚባሉት 3500 አካባቢ ናቸው። በሐሰት የተጻፈባቸው ብዙውን ጊዜ 1000 ወይም ከዚያ ያነሰ አቅም ያላቸው፣ አንዳንዴም ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥተው አዲስ ላስቲክ የለበሱ ናቸው። መለያው ሚዛን ነው፦ ትክክለኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም፣ 21700 ደግሞ 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ወርቅ ቤት ወይም ፋርማሲ ሚዛን ላይ አስቀምጠው 30 ግራም ካሳየዎት ይመልሱት። ደካማ ድንጋይ የሚያስከትለው ቶሎ ማለቅ ብቻ አይደለም። ትልቁ ደረጃ ከድንጋዩ 4 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ያረጀ ድንጋይ ይህን ሲጠየቅ ቮልቱ ይወድቃል፣ ባትሪው ራሱን ዝቅ ያደርጋል ወይም ይጠፋል፣ ድንጋዩም ይግላል። መከላከያ ሰርኪዩት (ሲበዛበት ኃይሉን የሚቆርጥ) የሌለው ከሆነ አደጋው የእሳት ነው። ላስቲኩ የተላጠ፣ ያበጠ ወይም ሽታ ያለው ድንጋይ አይሙሉ፤ ቤት ውስጥም አያስቀምጡ።

እግረ መንገድ አንድ ነገር፦ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይ እንዲህ ባሉ ባትሪዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ሰው ባትሪው ተበላሸ ብሎ የሚደነግጠውም በዚህ ነው። ብቅ ያለ ራስ ያለውና መከላከያ ያለው ይሁን። መከላከያ ያለው 21700 ከ70 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ይረዝማልና ተጠባባቂ ሲገዙ ከባትሪው ጋር የመጣውን ዓይነት ይግዙ።

ፒዲ35 በኩል አንድ ጥቅም አለ። በ18650 ፋንታ ሁለት ሲአር123ኤ የሚባሉ የማይሞሉ 3 ቮልት ድንጋዮች ይወስዳል፤ እነዚህ ተቀምጠው እስከ አሥር ዓመት ይቆያሉ። አሜሪካ ላለ ሰው መልካም መጠባበቂያ ነው። እኛ ዘንድ ግን እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም፣ ሲገኙም ውድ ናቸው፤ ስለዚህ ለእርስዎ ያን ያህል አይጠቅሙም። በእነሱ ቦታ መጠናቸው ያው የሆነ 16340 የሚባሉ ሁለት የሚሞሉ ድንጋዮች ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሲደመሩ 8.4 ቮልት ስለሚሆኑ ሰርኪዩቱን ያቃጥላሉ።

ፒዲ35ን የምመርጥልዎት በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ቤትዎ ጥሩ የ18650 ቻርጀርና ሁለት ሦስት ትክክለኛ ድንጋይ አስቀድሞ ካለ፣ በዚያ ላይም ሩቅ ማየት ከሁሉ የሚበልጥብዎት ከሆነ። ያኔ ባዶውን ድንጋይ አውጥቶ ሙሉውን መክተት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ቻርጀር ከሌለዎት ግን ፒዲ35 ባትሪው ራሱ መሙያ የለውምና ሌላ ዕቃ መግዛት፣ መጠበቅና መጠገን ይመጣል።

የፒዲ36አር አሞላል ቀላል ነው። 5 ቮልት 2 አምፒር በሚያወጣ የስልክ ቻርጀር ከባዶ እስከ ሙሉ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። 1 አምፒር በሚሰጥ የሶላር ዩኤስቢ ከስድስት ሰዓት በላይ ነው፤ ጠዋት ሰክተው ማታ ይንቀሉት። መብራት እንደመጣ ወዲያው አይሰኩ። ሲመለስ ቮልቱ ይዘላልና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ርካሽ ቻርጀር የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ማብሪያ የቀረውን ኃይል በቀለም ይነግርዎታል፦ አረንጓዴ ከግማሽ በላይ፣ ቀይ ከግማሽ በታች፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ከሩብ በታች። ቀዩ መብለጭለጭ ከጀመረ ሳይጨርሱት ይሙሉት፤ ሊቲየም ድንጋይ እስከ ባዶ ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የመሙያውን ቀዳዳ የሚሸፍነው ላስቲክ ትልቁ ደካማ ጎኑ ነው። ክፍት ሆኖ በረት ከገባ አቧራና እርጥበት ይገባበታል፤ ከሽንትና ከእበት የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ መዳብና ነሐስ ይበላል። አረንጓዴ ዝገት ካዩ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉት። ቀዳዳው ጨርሶ ቢበላሽ እንኳ ባትሪው አልሞተም፤ ድንጋዩን አውጥተው 21700 በሚቀበል ቻርጀር መሙላት ይችላሉ። የኋላ ክዳኑን ጥርስ በዓመት ሁለት ሦስቴ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ትንሽ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት። ቫዝሊን አይቀቡ፤ አንዳንዱን የላስቲክ ቀለበት ያሳብጠዋል። ብርሃኑ ከተርገበገበ አስቀድመው ክዳኑን ያጥብቁ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ የሚነካባቸውን ሁለት ጫፎች ያጽዱ፤ አብዛኛው «ብልሽት» እዚህ ላይ ያበቃል።

ቤት ውስጥ ሲጠቀሙ ባትሪውን ወደ ሰው አያዙሩት። ከባድ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ውስጥ በጀርባው አቁመው ወደ ጣሪያ ያብሩት፤ የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለዎት 150 ሉመን ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። ጣሪያው ጭስ የጠጣ ቆርቆሮ ከሆነ ብርሃኑን ስለሚውጠው አንድ ነጭ ነጠላ ወይም አንሶላ ከላይ ወጥረው ይሞክሩ። በትልቁ ደረጃ ግን ጨርቅ አጠገብ አያቆሙት፤ ፊቱን ጨርቅ ላይ ቢደፉት ያቃጥላል።

ለማለብ ግን ከሁለቱም ሌላ ነገር ያስፈልግዎታል፤ ይህን ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። አንደኛ ሁለት እጅዎ ተይዟል። ሁለተኛ እነዚህ ሁለት ባትሪዎች ብርሃናቸው ቀዝቃዛ ነጭ ነው፤ ቀለም የመለየት ደረጃቸው ከ100 70 አካባቢ ስለሆነ ቀይ ነገር ደብዝዞ ይታያል። ወተት ላይ ያለ ቀጭን የደም ክር ወይም በጡት በሽታ መቅላት የጀመረ ግት በእንዲህ ያለ ብርሃን ሊያመልጥዎ ይችላል። ቀለም የመለየት ደረጃው 90 እና ከዚያ በላይ፣ የብርሃኑ ቀለም 4000 ኬልቪን (ከቀዝቃዛው ነጭ ሞቅ ያለ) የሆነ የግንባር ባትሪ 200 ሉመን ብቻ ቢሰጥ ለዚህ ሥራ ከሁለቱም ይበልጣል። በጀቱ ለአንድ ተጨማሪ ዕቃ ከበቃ የምመክረው ይህን ነው፤ ካልበቃ የመጀመሪያዎቹን የወተት ጠብታዎች ጥቁር ጽዋ ላይ አልበው ይመልከቱ፣ መቅላቱን ግን ሲነጋ ያረጋግጡ። በረት ሲገቡም ብርሃኑን መጀመሪያ ወለሉ ላይ ይጣሉት፤ ድንገት ዓይኗ ላይ ያበሩባት ላም ትደነግጣለች፣ የደነገጠች ላም ደግሞ ወተቷን ትይዛለች።

ለወንድምዎ የሚነግሩት። ስሙን በትክክል ይይ። ፒዲ36አር ቪ2.0 እና ፒዲ36አር ፕሮ የሚባሉ ሌሎችም አሉ። ቪ2.0 1700 ሉመንና 396 ሜትር፣ ፕሮው 2800 ሉመን ይላል። ሁሉም በ21700 ድንጋይ ይሠራሉ፣ በታይፕ ሲ ይሞላሉ። ቪ2.0ን በተቀራራቢ ዋጋ ካገኘው የርቀቱን ጥያቄም አብሮ ስለሚፈታ ያንኑ ያምጣ። ፕሮው ግን ለእርስዎ ተጨማሪ ሙቀት እንጂ ተጨማሪ ሰዓት አይሰጥም። ገንዘቡን በተጠባባቂ 21700 ድንጋይ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ተጠባባቂው ድንጋይ በሻንጣ ተጭኖ አይሄድም፤ በአየር መንገድ ደንብ ከዕቃ ውጭ ያለ ሊቲየም ድንጋይ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዱ ከ100 ዋት ሰዓት በታች መሆን አለበት፤ ይህ 18 ነውና ችግር የለውም። ጫፎቹ ከሳንቲም ወይም ከቁልፍ ጋር እንዳይነካኩ በላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ባትሪውንም በእጅ ቦርሳ ይያዘው፤ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ካላላው ማብሪያው ቢጫን እንኳ አይበራም።

እዚህ ከደረሰ መመለሻ ስለሌለው ፈተናው እዚያው፣ ሱቁ መልሶ በሚቀበልበት ጊዜ ውስጥ ይሁን። በመጀመሪያ ሙሉ አድርጎ ይሙላው። ከዚያ በ350 ሉመን አብርቶ ሳያቋርጥ ይተወው፤ ፌኒክስ በዚያ ደረጃ 8 ሰዓት ያህል ይላልና ከ6 ሰዓት በፊት ከጠፋ ድንጋዩ ጤነኛ አይደለም። እንደገና በታይፕ ሲ ይሙላውና የመሙያው ቀዳዳ ገመዱን ሳይወላውል መያዙን፣ የጎኑ ምልክት አረንጓዴ መሆኑን ይይ። በመጨረሻ ላስቲኩን ዘግቶ አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከረው፤ ሲያወጣ ከመስታወቱ ጀርባ ጉም ከታየ ይመልሰው።